የአንዱ ዕቃ ለሌላው ለምን ይገጥማል? የኮምፒዩተር ጥገና ታሪክ ባጭሩ

ባለፈው ወር በኮምፒዩተር ክፍላችን ካሉት ማሽኖች አንዱ ሞተብን። ሲከፈት ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። እየቆየ ብቻ ይጮሃል። ጎኑን በካቻቪቴ ፈትተን አቧራውን አራገፍን፤ ራሙን ነቅለን የብረት ጥርሶቹን በላጲስ ጠርገን መለስነው። እምቢ አለ። በመጨረሻ ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሎ ጥግ ላይ ከተቀመጠው የሌላ ፋብሪካ ማሽን ራም ነቅለን ከተትንበት። ተነሣ!

ሁሉም ሲያጨበጭብ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የሌላ ካምፓኒ ነው፤ እንዴት ገጠመ? የእናቴ ስልክ ቻርጀር እንኳ ለአጎቴ ስልክ አይሆንም» አለችኝ። «ስታንዳርድ ስለሆነ ነው» ብዬ አለፍኳት። ይሄ ደግሞ መልስ አይደለም፤ ያልገባው መምህር የሚናገረው ነገር ነው። ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩ ከነከነኝ። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ያልሰጠኋት መልስ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጥር 1975 ፖፑላር ኤሌክትሮኒክስ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በሽፋኑ ላይ አልቴር 8800 የሚባል ሳጥን ይዞ ወጣ። ሻጩ አልበከርኪ ከተማ የነበረ ሚትስ የተባለ ትንሽ ድርጅት ሲሆን ዋጋው 397 ዶላር ነበር። በዚህ ዋጋ የሚመጣው ግን ኮምፒዩተር ሳይሆን የተበታተነ ዕቃ ነው። ገዢው እያንዳንዱን ራሱ በይዶ ይገጣጥማል፤ ካልሠራ ስህተቱን ራሱ ይፈልጋል። ኪቦርድ የለው፣ ስክሪን የለው፤ ማብሪያ ማጥፊያና ትንንሽ አምፖሎች ብቻ። ሜሞሪው 256 ባይት ነበር። በዛሬው የፊደል አያያዝ አንድ መካከለኛ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ቢይዝ ነው። እንግዲህ በቤት ኮምፒዩተር ታሪክ ጥገና የመጣው ከአጠቃቀም በፊት ነው ማለት ይቻላል።

ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1977፣ አፕል 2 ወጣ። ይህኛው ተገጣጥሞ የሚሸጥ ሆኖ ክዳኑ ግን ያለ ካቻቪቴ በእጅ ይነሣል። ውስጡ ተጨማሪ ካርድ የሚሰካባቸው ስምንት ቀዳዳዎች ነበሩት። በእነዚህ ቀዳዳዎች ሁለቱ ጓደኛሞች ተጣልተውባቸዋል፤ ስቲቭ ጆብስ ሁለት ይበቃል ሲል ስቲቭ ዎዝኒያክ ከስምንት በታች አልሠራም አለ። ያኔ ያሸነፈው ዎዝኒያክ ነው። በ1984 ማኪንቶሽ ሲወጣ ግን የጆብስ ሐሳብ አሸነፈ፦ ቀዳዳ የለም፣ ራም መጨመር የለም፣ ሳጥኑን ለመክፈትም ረጅም ልዩ መፍቻ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አይ.ቢ.ኤም. በዚያ ጊዜ ትልልቅ ማሽኖችን ለመንግሥታትና ለባንኮች የሚያቀርብ ግዙፍ ኩባንያ ነበር። በ1980 የትንንሾቹ ኮምፒዩተሮች ገበያ እያመለጠው መሆኑን ሲያይ በአንድ ዓመት ውስጥ የራሱን ለማውጣት ቆረጠ። ሥራው ፍሎሪዳ ውስጥ ቦካ ራቶን ለሚገኝ፣ በኋላ ዶን ኤስትሪጅ ለመራው አነስተኛ ቡድን ተሰጠ። በአንድ ዓመት ሁሉንም ነገር በራስ መሥራት ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ የፍሎፒ ማንበቢያውን ከታንደን፣ ማተሚያውን ከኤፕሰን፣ ስርዓተ ክወናውን (ዶስን) ከማይክሮሶፍት ወሰዱ። ማንም ሰው ሱቅ ሄዶ ሊገዛው የሚችለውን ዕቃ ሰብስበው አምስት የካርድ ቀዳዳ ባለው ሳጥን ውስጥ ከተቱት። ነሐሴ 12 ቀን 1981 ለሕዝብ ታየ። ዝቅተኛው ዋጋ 1,565 ዶላር፣ ሜሞሪው 16 ኪሎባይት፤ ዲስክ በሌለበት።

ሌላም ነገር አደረጉ። ሌሎች ካርድና ፕሮግራም እንዲሠሩለት ብለው የማሽኑን ሙሉ የኤሌክትሪክ ንድፍ የያዘ የቴክኒክ መጽሐፍ አሳትመው ሸጡ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የባዮሱ ጽሑፍ ሳይቀር ነበር። ባዮስ ማለት ማሽኑ ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ ነቅቶ «ራም አለ? ኪቦርድ አለ?» እያለ ዕቃውን የሚፈትሽ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሳጥናችን የሚጮኸው ጩኸትም የዚህ ልጅ ነው። በመጀመሪያው ፒሲ አንድ አጭር ድምፅ «ደህና ነኝ» ማለት ሲሆን፣ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ድምፅ የስክሪኑ ካርድ ችግር እንዳለበት ይነግር ነበር። የዛሬዎቹ ቋንቋቸው እንደየፋብሪካው ይለያያል፤ ጩኸቱን ቆጥሮ መመዝገብ ግን ያው የጥንቱ ዘዴ ነው።

ዕቃው ሁሉ ሱቅ ከተገኘ የአይ.ቢ.ኤም. የራሱ የነበረው ባዮሱ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በቅጂ መብት የተጠበቀ ነው፤ ገልብጦ መሸጥ ያስከስሳል። ኢግል እና ኮሮና የተባሉ ሁለት ኩባንያዎች በዚሁ ጉዳይ በ1984 ተከሰዋል። (ኮሮና ያኔ የኮምፒዩተር ስም ነበር፤ አትሳቁ።)

በ1982 ሂዩስተን ከተማ ሮድ ካንየንና ሁለት ጓደኞቹ ያቋቋሙት ኮምፓክ ግን ብልህ መንገድ አገኘ። ለመምህራን የሚገባ ምሳሌ ልስጥ። አንድ ተማሪ የመልስ ወረቀቱን አይቷል እንበል። ይህ ተማሪ ለፈተና አይቀመጥም። የሚፈቀድለት መልሱ ምን ምን ማሟላት እንዳለበት መጻፍ ብቻ ነው። ወረቀቱን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሌላ ተማሪ ያንን ዝርዝር ተቀብሎ ከባዶ ይሠራል። ኮምፓክ ልክ እንዲህ አደረገ። አንዱ ቡድን የአይ.ቢ.ኤም.ን ባዮስ አንብቦ ምን እንደሚሠራ ዘረዘረ፤ ሌላው ቡድን ሳያይ አዲስ ጻፈ። ሥራው አንድ ዓይነት፣ ጽሑፉ ግን የራሱ ሆነ። ማሽናቸው በኅዳር 1982 ታወጀ። «ተንቀሳቃሽ» ነው ቢባልም 13 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር፤ ከግማሽ ጀሪካን ውሃ ይከብዳል። ፊኒክስ የተባለ ሌላ ድርጅት ደግሞ በ1984 በዚሁ መንገድ የተሠራ ባዮስ ለፈለገ ሁሉ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው! በየአገሩ የሚሠራው ማሽን የመጀመሪያውን ፒሲ መሰለ፤ የአንዱ ካርድ ለሌላው ገጠመ።

የኔ ተማሪ፣ መልሱ ይኸውልሽ። አንዱ ቸኮለ፣ መጽሐፍ አሳተመ፤ ሌላው አንብቦ አስመሰለ። እኛን ያሰበ ሰው አልነበረም።

አይ.ቢ.ኤም. በሩን መልሶ ለመዝጋት ሞክሯል። በ1987 ፒኤስ/2 የተባለውን ሲያወጣ የካርድ ቀዳዳውን ቀየረው፤ የድሮው ካርድ አይገባበትም፣ አዲሱን መሥራት የፈለገ ደግሞ ይክፈል ተባለ። በ1988 ኮምፓክን ጨምሮ ዘጠኝ ኩባንያዎች ተባብረው የድሮውን ካርድ የሚቀበል የራሳቸውን ቀዳዳ አወጁ። አይ.ቢ.ኤም. ገበያውን አጣ፤ በ2005 የፒሲ ሥራውን ለቻይናው ሌኖቮ ሸጦ ወጣ። ከዚያ ሙከራ ለእኛ የተረፈን ከአሮጌ ሳጥኖቻችን ኋላ ያሉት ክብ የኪቦርድና የማውስ ቀዳዳዎች ናቸው።

መግጠም ማለት ደግሞ ወዲያው መሥራት ማለት አልነበረም። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ እያንዳንዱ ካርድ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ቁጥር ነበረው፤ ቁጥሩ በካርዱ ላይ ባሉ ትንንሽ መሰኪያዎች በእጅ ይስተካከላል። የድምፅ ካርዱና የማተሚያው መስመር ሁለቱም ቁጥር 7ን ከያዙ ይጋጫሉ፤ ሙዚቃ ሲከፈት ማተሚያ ይቆማል። በ1995 ዊንዶውስ 95 ቁጥሩን ራሴ አድላለሁ ብሎ መጣ። መጀመሪያ ላይ ብዙም ስላልተሳካለት ተጠቃሚዎቹ «ሰክተህ ጸልይ» እያሉ ያሾፉበት ነበር።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ዕቃው ነው። ዕቃው ሲገጥም ፊደላችን ግን አልገጠመም። ይሄን በራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ እዚህ ከመጣሁ በኋላ የማታ ትምህርት ቤታችንን አሮጌ ማሽን ፎርማት አድርግ ተባልኩ። ቫይረስ በልቶት ነበር። ፋይሎቹን በሙሉ በፍላሽ አወጣሁ፣ ፎርማት አደረግሁ፣ አዲስ ዊንዶውስ ጫንኩ። ከዚያ ባልደረባዬ ጋሼ ለዓመታት የጻፉትን የባዮሎጂ ማስታወሻ ሲከፍቱ ገጹ ሙሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ሆነ። ምንም አልተናገሩኝም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ ቁጥር ነው የሚያውቀው። የድሮው አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፤ ከዚያም ላይ ሁሉም ለፊደል አይውልም። የኛ ዋናዎቹ ፊደላት ብቻ 33 በ7፣ ማለት 231 ናቸው፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ የግዕዝ ሶፍትዌር የሚሠሩት ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ብልሃት ፊደሉን በላቲኑ ቁጥሮች ላይ አስቀመጡት፤ አንዳንዱ ለሁለት ፎንት ከፈለው። በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ለያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጠ፤ በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ደግሞ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ዩኒኮድ የትም ይነበባል። የጋሼ ማስታወሻ ግን የድሮው ዓይነት ነበር፤ እኔ ፎርማት ሳደርግ ፎንቱን አጥፍቼዋለሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከተማ ውስጥ ካለ የጽሕፈት አገልግሎት ቤት አሮጌ ማሽን ላይ አገኘሁት። አሁን ተማሪዎች ማስታወሻውን በዩኒኮድ እንደገና እየጻፉት ነው፤ የነርቭ ሥርዓት ላይ ደርሰዋል። ፎርማት የምታደርጉ መምህራን፣ ከፋይሎቹ በፊት የፎንት ፎልደሩን ቅዱ።

የተከፈተው በር አሁን እየጠበበ ነው። በእርዳታ ካገኘናቸው ሦስት ላፕቶፖች የሁለቱ ራም ማዘርቦርዱ ላይ ተበይዷል፤ አንዱ ሲሞት ለሌላው መለዋወጫ አይሆንም። በሶፍትዌር በኩልም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍልና አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ስለዚህ በሌላ አገር ቢሮዎች ደህና ማሽኖች «አርጅተዋል» ተብለው ይወጣሉ፤ ከነሱ አንዳንዱ ወደኛ ሊደርስ ይችላል። ሊነክስ ቢጫንባቸው ብዙዎቹ ገና ይሠራሉ። እርዳታ ለሚጠይቀው ኮሚቴያችን ያቀረብኩት ሐሳብም ይኸው ነው፦ የሚያምር ቀጭን ላፕቶፕ ሳይሆን የሚከፈት ሳጥን ይላክልን።

ቅዳሜ ከሰዓት ጥግ ላይ ያለውን ማሽን እንከፍታለን። ፓወር ሰፕላዩን ከሌላ ሳጥን አውጥተን እንገጥምለታለን፤ የተቃጠለውን ፓወር ሰፕላይ ራሱን ግን ማንም እንዳይፈታ፣ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኤሌክትሪክ ይቆያል። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ ቆርቆሮ የመሰሉ ካፓሲተሮችም እናያለን፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ ማሽኖች በመጥፎ ካፓሲተር ምክንያት ሞተዋል፣ አናቱ ካበጠ እሱ ነው። ጥያቄዋን የጠየቀችኝ ተማሪ ካቻቪቴውን ትይዛለች። የምትመጡ ላጲስ ይዛችሁ ኑ፤ ያለን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም አልቋል።