የካሜራ ወጥመድ እርጅና

የካሜራ ወጥመድ ዛፍ ወይም ቋሚ እንጨት ላይ ታስሮ፣ እንስሳ በፊቱ ሲያልፍ ያለ ሰው እጅ ፎቶ ወይም ቪዲዮ የሚቀርጽ መሣሪያ ነው። ወራትና ዓመታት በፀሐይ፣ በዝናብና በአቧራ ውስጥ ሲቆይ ብቃቱ እየቀነሰ ይሄዳል። እርጅናው ድንገት የሚታይ አይደለም፤ ካሜራው ፎቶ ማንሣቱን ይቀጥላል፣ ሳይቀረጹ የሚያልፉት እንስሳት ግን ይበዛሉ። በዚህ ምክንያት ለዱር እንስሳት ጥናት ፈጽሞ ከቆመ ካሜራ ይልቅ በከፊል የሚሠራው የበለጠ አሳሳች ነው።

አጠቃቀም

አሜሪካዊው ጆርጅ ሺራስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንስሳው ራሱ ገመድ ሲነካ የሚያነሣ ካሜራ ይጠቀም ነበር፤ የሌሊት ፎቶዎቹ እ.ኤ.አ. በ1906 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ታትመዋል። በታንዛኒያው ሴሬንጌቲ እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው ጥናት 225 ካሜራዎችን በ1,125 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ዘርግቷል። በኢትዮጵያ ደግሞ በሱዳን ድንበር አጠገብ በሚገኘው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ይፋ ሲሆን፣ ከማስረጃዎቹ አንዱ በካሜራ ወጥመድ የተገኘ ምስል ነበር።

የሙቀት ሴንሰሩ

ካሜራውን የሚቀሰቅሰው ሴንሰር ራሱ ጨረር አይለቅም። የሚያነበው ከእንስሳው ገላ በሚወጣውና ከጀርባው ባለው ሙቀት መካከል ያለውን የሚንቀሳቀስ ልዩነት ነው። ተራ መስታወት ይህን የሙቀት ጨረር ስለማያሳልፍ፣ በሴንሰሩ ፊት የሚቀመጠው ሌንስ ከስስ ፖሊኢትሊን ፕላስቲክ ይሠራል። ፕላስቲኩ ለፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በተጋለጠ ቁጥር እየደረቀ ይሰነጠቃል፤ አቧራና ጭረት ሲጨመሩበት ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው ሙቀት ያንሳል። ያን ጊዜ ካሜራው እንስሳ የሚለይበት ርቀት ያጥራል፤ በቅድሚያ የሚያመልጡት ትንንሾቹና ርቀው የሚያልፉት ናቸው። በቆላ ቀትር ላይ የአካባቢው ሙቀት ከእንስሳው ገላ ሙቀት ጋር ስለሚቀራረብ ችግሩ ይብሳል።

የሌሊት ብርሃን

አብዛኞቹ ካሜራዎች ሌሊት የሚያበሩት በኢንፍራሬድ አምፖሎች ነው። 850 ናኖሜትር የሚለቁት ደብዘዝ ያለ ቀይ ፍም ያሳያሉ፤ 940 ናኖሜትር የሚለቁት ለዓይን አይታዩም፣ ብርሃናቸው ግን አጭር ርቀት ይሸፍናል። ሁለቱም በአገልግሎት ብዛት ይደክማሉ፤ ሙቀት ድካሙን ያፋጥነዋል። በካሜራው ውስጥ ቀንና ሌሊት ቦታ የሚቀያይር ማጣሪያም አለ። ማጣሪያው ሲጣበቅ የቀን ፎቶ ወደ ሮዝ ወይም ሐምራዊ ያደላል፣ አለዚያም የሌሊቱ ይጨልማል።

እርጥበትና ባትሪ

የካሜራው ቀፎ ቀን ሲሞቅና ሌሊት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፣ ይጠብባል። የበሩ ዙሪያ የጎማ ማሸጊያ ጠንክሮ መለጠጡን ሲያጣ፣ ካሜራው በየሌሊቱ እርጥብ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። እርጥበቱ ሌንሱን ያደበዝዛል፣ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱን ያዝጋል፤ ዝናባማ በሆነ ጫካ በሌንሱ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። በክፍተቱ ጉንዳን ገብቶ ሊሰፍርበትም ይችላል።

ረጅም ጊዜ የቆየ አልካላይን የባትሪ ድንጋይ ሲያፈስ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ይለቃል፤ ይህም የብረት መገናኛዎቹን ይበላል። የተበላ መገናኛ ለቀን ፎቶ የሚበቃ ኃይል ያሳልፍ ይሆናል። የሌሊቱ አምፖል ብዙ ኃይል ሲጠይቅ ግን ቮልቴጁ ወርዶ ካሜራው ይጠፋል፤ አንዳንዴም ሰዓቱና ቀኑ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ስለዚህ ቀን ደህና የሚመስል ካሜራ ሌሊት የሚወጡትን እንደ ጅብና ጥርኝ ያሉ እንስሳት ሳይመዘግብ ሊቀር ይችላል።

በጥናት ላይ ያለው ተጽዕኖ

ያው ካሜራ በያው ቦታ ለዓመታት ሲቆይና የፎቶው ቁጥር ሲያንስ፣ እንስሳቱ የቀነሱ ይመስላል። አሮጌዎቹ በአንድ ጊዜ በአዲስ ሲተኩ ደግሞ እንስሳቱ የበዙ ይመስላል። ሁለቱም ስሕተቶች ጥበቃ የሚያስፈልገው ቦታ በትክክል እንዳይታወቅ ያደርጋሉ። ጠንቃቃ ተመራማሪዎች አሮጌና አዲስ ካሜራዎችን በቦታዎች መካከል ያዘዋውራሉ፤ የካሜራውን ዓይነትና ዕድሜም በስሌታቸው ውስጥ ያስገባሉ።

ፍተሻና እንክብካቤ

ዋናው ፍተሻ በካሜራው ፊት በተለካ ርቀት እየተራመዱ እስከ ስንት ሜትር እንደሚቀሰቀስ መመዝገብ ነው። ውጤቱ ከቀድሞው ጋር እንዲነጻጸር ፍተሻው በተመሳሳይ ሰዓትና የአየር ሙቀት ይደገማል። ለሌሊቱ ብርሃን በቋሚ ርቀት የተተከለ ምልክት በየጊዜው ይነሣል፤ ምስሉ ሲጨልም ድካሙ ይታወቃል።

ካሜራውን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ማዞር ከጧትና ከማታ ፀሐይ ያድነዋል። ማሸጊያውን ማጽዳትና ሲሊኮን ቅባት መቀባት፣ እርጥበት የሚመጥ ሲሊካ ጄል በየጊዜው መለወጥ፣ ካሜራው መጋዘን ሲገባ ድንጋዮቹን ማውጣት ዕድሜውን ያራዝማሉ። ሌንሱን በቤንዚን ወይም ፕላስቲክ በሚያሟሟ ፈሳሽ መጥረግ ግን ጉዳቱን ያባብሳል። ከሁሉም በላይ ካሜራው የተተከለበት ቀንና የእያንዳንዱ ፍተሻ ውጤት ከፎቶዎቹ ጋር አብሮ መቀመጥ አለበት፤ ከዓመታት በኋላ መረጃውን የሚያነብ ሰው የእንስሳቱን መቀነስ ከካሜራው መድከም የሚለየው በዚህ መዝገብ ነው።