ዳናኔ የተገኘው የራስ ቅል

ዳናኔ የሚለውን ስም የማውቀው ከግዞት ታሪክ ነበር። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ፋሺስቶች በርካታ ኢትዮጵያውያንን ያጎሩት በዚህ የሶማሊያ ጠረፍ ነው፤ ብዙዎቹም በወባና በተበላሸ ምግብ አልቀዋል። ስለ ዓሣ ነባሪዎች ሳነብ ይኸው ስም ብቅ ቢልብኝ ደነገጥሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1882 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ፣ ማካይ ከተባለ ስፍራ አንድ የራስ ቅል ተገኘ። በ1926 ሄበር ሎንግማን የተባለ ሊቅ መርምሮት ከዚያ በፊት ያልታወቀ ምንቃራም ዓሣ ነባሪ ነው አለ። በሳይንሳዊ ስሙም ላይ «ፓሲፊኩስ» የሚል ቃል ጨመረበት። በአንድ አጥንት ብቻ ለእንስሳው አገር ሰጠው ማለት ነው።

ሁለተኛው ምስክር የመጣው ግን ከሕንድ ውቅያኖስ ነው። በ1955 በሞቃዲሾ አንድ የማዳበሪያ ፋብሪካ ወለል ላይ የራስ ቅል ተገኘ። ሲጣራ ከዳናኔ ዳርቻ የመጣ ሆነ። ጣሊያናዊቷ አዛሮሊ በ1968 ስለዚሁ ጻፈች። በዚያው ዓመት ጆሴፍ ሙር «ኢንዶፓሲተስ» የሚል የወገን ስም አወጣለት፤ ሕንድና ፓሲፊክ በአንድ ስም ተገናኙ።

እንስሳው ለብዙ ዓመታት በእነዚህ ሁለት የራስ ቅሎች ብቻ ሲታወቅ ኖረ። በ2003 ሜሬል ዳልቡትና ባልደረቦቿ ከደቡብ አፍሪቃ፣ ከኬንያና ከማልዲቭስ የተገኙ ቅሪቶችን በዲ.ኤን.ኤ. ሲመረምሩ፣ የሎንግማን ዓሣ ነባሪ ሆነው ተገኙ። በ2002 ደግሞ በጃፓን፣ በካጎሺማ ሌላ ወጥቶ ነበር። ብርቅ የተባለው እንስሳ በሁለት ሰፊ ውቅያኖሶች ሞቃት ውኃ ይኖር ኖሯል።

ይሁን እንጂ ባሕር የተፋው በድን ሙሉ ቃል አይሰጥም። ማዕበል ከሞተበት ስፍራ አርቆ ሊጥለው ይችላል። ተመልካች በሌለበት ዳርቻ የወደቀውም ሳይመዘገብ ይበሰብሳል። ስለዚህ በካርታው ላይ ባዶ የሆነ ጠረፍ ሁሉ ዓሣ ነባሪ የሌለበት አይደለም፤ ያየ ሰው የሌለበት ሊሆን ይችላል።

ከዳናኔ የመጣው አጥንት ማዳበሪያ ከመሆን ተርፎ ቃሉን ሰጠ፤ ያዳመጠውም ሰው አገኘ። በዚያው ስም በሚጠራው ሰፈር ያለቁትን ወገኖቻችንንስ አንድ በአንድ የመዘገበልን ማን ነው?