ከወር ደመወዝ ወደ ራስ ሙያ፤ የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ታሪክ ምን ይመክራል?

በሙያ ባልደረቦቻችን ዘንድ ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም በደመወዝ ተቀጥሮ መሥራት ይሻላል ወይስ ከቀጣሪ ተላቅቆ ሙያን በራስ ኃላፊነት ለልዩ ልዩ ደንበኞች ማቅረብ የሚለው ነው። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚመለሰው እንደ ሰዉ ጠባይ ነው፤ ደፋሩ «ውጣ» ይላል፤ ጠንቃቃው «ቆይ» ይላል። ነገር ግን ጉዳዩ የጠባይ ብቻ ሳይሆን የታሪክም ነው። በዚህ ረገድ ከሐዲድ፣ ከፋብሪካና ከመንገድ ጋር ያደጉት አዳማ፣ ወንጂ፣ ሞጆና ሻሸመኔ የሚሰጡት ትምህርት ቀላል አይደለም።

ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ፣ አዋሽን ተሻግሮ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በመሥመሩ ላይ የነበሩት ሞጆና አዳማም በጣቢያቸው ዙሪያ ወደ ከተማነት አደጉ። ሐዲዱ ዕቃና መንገደኛ ብቻ አላመጣም፤ በሰዓት የሚለካ ሥራንና በወር የሚከፈል ደመወዝንም ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት የገበሬው ኑሮ በመኸር፣ የአንጥረኛውና የሸማኔው ኑሮም በገበያ ቀን ይለካ ነበር። የጣቢያ ሠራተኛ ግን ባቡሩ ቢዘገይም ባይዘገይም ወሩ ሲያልቅ ደመወዙን ይቀበላል። ይህ በአካባቢው አዲስ ነገር ነበር።

ይሁን እንጂ በዚያው ጣቢያ ደጃፍ ደመወዝ የሌለው ሌላ ሕዝብ ተሰበሰበ። ተሸካሚው፣ ባለጋሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ፎቶግራፍ አንሺውና መካኒኩ ለማንም ሳይቀጠሩ ከሁሉም ይሠሩ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች ባቡሩ የመጣበት ቀን የሥራ ቀን፣ ያልመጣበት ቀን የጾም ቀን ነው። ሆኖም የነገውን ሥጋት ብቻቸውን አልተሸከሙም። ዕቁቡ መሣሪያ መግዣ ካፒታል ሆናቸው፤ ዕድሩ ደግሞ በሐዘን ቀን ደገፋቸው። ዛሬ ባለሙያው በግሉ ለመሥራት ሲያስብ መጀመሪያ የሚዘነጋው ይህንኑ ነው፤ ብቻውን የሚሠራ ሰው ብቻውን ሊኖር አይችልም።

የቅጥር ኑሮ በሙሉ መልኩ የታየው በወንጂ ነው። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ በአዋሽ ዳር ያቋቋመው የስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። ቀጥሎም በዚያው ሜዳ የሸዋ ፋብሪካ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያም የመተሐራ ፋብሪካ ተከተሉ። ለቋሚው ሠራተኛ ፋብሪካው የደመወዝ ምንጭ ብቻ አልነበረም፤ መኖሪያው፣ ክሊኒኩና የልጆቹ ትምህርት ቤት ከሥራው ጋር የተሳሰሩ ነበሩ። ይህም የተቀጣሪነትን ምቾትና ጉዳት በአንድነት ያሳያል። ሥራውን የሚያጣ ሰው ደመወዙን ብቻ ሳይሆን ጣሪያውንም ያጣልና።

ከቋሚው ጎን ደግሞ ከከምባታና ከሐዲያ እየመጣ አገዳ የሚቆርጠው ወቅታዊ ሠራተኛ ነበር። የእርሱ ክፍያ በቆረጠው ልክ ነው። ክረምት ገብቶ ቆረጣ ሲቆም ገቢውም ይቆማል። ይህ ሰው እንደ ባለጋሪው ደንበኛውን አይመርጥም፤ እንደ ቋሚው ሠራተኛም ዋስትና የለውም። ከአብዮቱ በኋላ በማኅበር ተደራጅተው ለወንጂ ሸንኮራ ማብቀል የጀመሩት በዙሪያው ያሉ ገበሬዎችም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጡናል። መሬቱን የሚያርሱት እነርሱ ናቸው፤ አገዳውን የሚረከባቸው ግን አንድ ፋብሪካ ብቻ ነው። እንግዲህ ነጻ ሥራ የሚባለው ቀጣሪ ባለመኖሩ ብቻ አይደለም። አንድ ደንበኛ ብቻ ያለው ባለሙያ በስም ነጻ ቢሆንም በተግባር ተቀጣሪ ነው፤ ያውም የተቀጣሪ መብት የሌለው።

ሕጋችን ይህንን ልዩነት ቀደም ብሎ አስቀምጦታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2512 የሥራ ውልን ሲተረጉም፣ ሠራተኛው በአሠሪው አመራር ሥር ሆኖ ለደመወዝ የሚያገለግልበት መሆኑን ይገልጻል። በቁጥር 2610 ደግሞ አንድ ሰው በራሱ ኃላፊነት የተወሰነ ውጤት ሊያስገኝ የሚዋዋልበትን ለይቶ ይደነግጋል፤ የዕውቀት ሥራንም ከቁጥር 2632 ጀምሮ ለብቻው ያያል። የነገሩ ፍሬ ይህ ነው፦ ተቀጣሪ ጊዜውንና ታዛዥነቱን ያቀርባል፤ የግል ባለሙያ ግን ውጤትን ይሸጣል። ውጤቱ ቢበላሽ ጥፋቱን የሚሸከመው ራሱ ነው።

ምርጫው ግን ሁልጊዜ በባለሙያው እጅ አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. ታላላቅ ድርጅቶች ወደ መንግሥት ከተዛወሩ በኋላ፣ አዋጅ ቁጥር 76/1968 የግል ሥራን በጠባብ ክልል ውስጥ አስገባው። የካፒታል ጣሪያ ለኢንዱስትሪ 500,000፣ ለጅምላ ንግድ 300,000፣ ለችርቻሮ 200,000 ብር ሆነ። አንድ ሰው ከአንድ ፈቃድ በላይ እንዳይዝ፣ ቋሚ ሥራ ያለውም ፈቃድ እንዳያወጣ ተደረገ። በቀን ተቀጥሮ በማታ የራሱን ሙያ ለመሞከር ያሰበ ሰው በሩ ተዘጋበት። ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥ በቀር ወደ ግል ሥራ በጥንቃቄ መሸጋገሪያ ድልድይ አልነበረውም። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ጣሪያው ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት በአዳማ የግል ጋራዡ፣ የሒሳብ አዋቂው ቢሮ፣ የንድፍ ሥራውና የሕክምና ክሊኒኩ፣ በሞጆም የትራንዚተሩ ሥራ ሰፊ ስፍራ አገኘ።

በዚያው ዘመን ቋሚ ሥራ የተባለውም ምን ያህል ቋሚ እንደሆነ ተፈተነ። አዳማን ያሳደገው የድሮው ሐዲድ አገልግሎቱ ተቋረጠ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡርም በሌላ መሥመር ላይ ተዘረጋ። የወንጂና የሸዋ ነባር ፋብሪካዎች ቆመው በአዲስ ፋብሪካ ተተኩ። ስለዚህ «ደመወዝ ዋስትና ነው» የሚለው አባባል ድርጅቱ እስካለ ድረስ ብቻ ይሠራል።

በአንጻሩ የቅጥር ሕግ የሚሰጠው ጥበቃ ቀላል እንዳልሆነ ሊታወቅ ይገባል። ከአዋጅ ቁጥር 42/1985 ጀምሮ እስከ ቁጥር 1156/2011 የወጡት የአሠሪና ሠራተኛ ሕጎች ለተቀጣሪው የዓመት ዕረፍት፣ የሕመም ፈቃድ፣ የሥራ ጉዳት ካሣና የስንብት ክፍያ ይሰጣሉ። በራሱ የሙያ ኃላፊነት ለዋጋ የሚሠራውን ግን ከክልላቸው ውጭ ያደርጉታል። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ከተደነገገ ወዲህም አሠሪው ለሠራተኛው ጡረታ የሚያዋጣው ድርሻ ከፍ እያለ የደመወዙን 11 በመቶ ደርሷል። የግል ባለሙያ ይህን የሚያዋጣለት የለም። ስለዚህ የአንድ ሥራ ዋጋ ሲጠየቅ የወር ደመወዙን በሥራ ቀናት አካፍሎ የሚመልስ ሰው ተሳስቷል። በዋጋው ውስጥ የሕመሙን ቀን፣ የሥራ ፈትነቱን ወር፣ የመሣሪያውን እርጅና፣ የቢሮውን ኪራይ፣ ግብሩንና የራሱን እርጅና ማስገባት አለበት።

እንግዲህ ሊወጣ የሚያስብ ባልደረባ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ጥቂት ነገር ነው። ከአንድ በላይ ደንበኛ አለኝን? የምሠራበት መሣሪያ የራሴ ነውን? ገቢ ሳይገባ ቤተሰቤን ለስንት ወር ማቆየት እችላለሁ? ያልከፈለ ደንበኛን ለመጠየቅ በጽሑፍ የተደረገ ውል የመያዝ ልማድ አለኝን? ብታመም ሥራዬን የሚቀበልልኝ ባልደረባ አለኝን? አብዛኞቹን አዎን ብሎ የሚመልስ ሰው ቢወጣ ደፋር ሳይሆን አስተዋይ ይባላል። አይደለም ብሎ የሚመልስም በሥራው ላይ ቢቆይ ፈሪ አይደለም፤ መዘጋጃ ጊዜ ላይ ነው።

በዚህ ጉዳይ ማኅበራችንም ድርሻ አለው። የጣቢያውን ባለሙያ ያቆመው ዕቁቡና ዕድሩ እንደነበር ሁሉ፣ የዛሬውን የግል ባለሙያም የሚያቆመው የሙያ ማኅበሩ ሊሆን ይችላል። የውል ናሙና ማዘጋጀት፣ ዋጋ እንዳይወርድ መመካከር፣ ለታመመ ባልደረባ መተካካት፣ የመጠባበቂያ መዋጮ ማሰባሰብ ከአቅማችን በላይ አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላልና፣ ብቻውን የወጣ ሁሉ ብቻውን እንዳይቀር ማድረግ የባልደረቦቹ ፈንታ ነው።