«ጋዜጣ ላይ ወጥቷል» ስንል

ለዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔት ስለ ታሪክ እንድንጽፍ ስንጠየቅ፣ በቡና ላይ ደጋግሞ የሚያከራክረንን ጉዳይ መረጥን። በጁባ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ብሔር ግጭት ስንጨዋወት አንዱ የቆየ የጋዜጣ ቅጂ ያወጣና «ይኸው፣ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል» ይላል። ሌላውም የራሱን ያመጣል። በዚህ ምክንያት ሰላምታ እስከ መነፋፈግ የደረሱ ወንድማማቾችን እናውቃለን። ለመሆኑ የድሮ ጋዜጣ ምን ያህል ይታመናል?

ከምንኖርባት ከተማ እንጀምር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 1965 ሌሊት በዚችው ጁባ የመንግሥት ወታደሮች ብዙ ሰላማዊ ደቡባውያንን ገደሉ። የሟቾቹን ቁጥር እስከ 1,400 የሚያደርሱ ጽሑፎች አሉ። ካርቱም ይታተም የነበረው የደቡባውያን ጋዜጣ «ቪጂላንት» ይህንኑና ከጥቂት ቀናት በኋላ በዋው የደረሰውን ግድያ አወጣ። መንግሥትም ጋዜጣውን አገደ፤ አዘጋጁን ቦና ማልዋልን ከሰሰ። እንግዲህ ያንን ዘመን በዚህ ጋዜጣ የሚፈልግ ሰው የታገደበትን ጊዜ ባዶ ያገኘዋል። ባዶ መሆኑ ግን ምንም አልደረሰም ማለት አይደለም። በቅርብ ዓመታትም ጽሑፉ በሳንሱር ወጥቶበት ቦታው ነጩን የታተመ የጁባ ጋዜጣ አይተናል። የ«ጁባ ሞኒተር» አዘጋጅ አልፍሬድ ታባንም እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 ስለ መሪዎቹ በጻፉት ጽሑፍ ታስረው ነበር። ስለዚህ ጋዜጣ ስናነብ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን መጻፍ ያልተቻለውንም ማሰብ አለብን።

ወደ አገራችን እንመለስ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ አቅራቢያ ስምንት ሰዎች በመኪና ሲጓዙ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ወታደሮችና ደገኛ የተባሉ ነዋሪዎች በከተማው የአኙዋክ ተወላጆችን ገደሉ፤ ቤትም አቃጠሉ። ብዙዎች ድንበር ተሻግረው እዚሁ ወዳለው ወደ ፖቻላ ሸሹ። የመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን የሞቱት 65 ናቸው አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣው ዘገባ እስከ 424 አደረሰው። ሁለቱም ቁጥር በጋዜጣ ወጥቷል። አንዱን ብቻ ቆርጦ ያስቀመጠ ሰው ውሸት አልያዘም፤ የያዘው ግን ግማሽ ነው። ይባስ ብሎ አንዱ ቅጂ 1996 ሲል ሌላው 2003 ስለሚል፣ ሁለት የተለያዩ ጭፍጨፋዎች ናቸው ብለው ሲከራከሩ የሰማናቸውም አሉ። በመካከላችን አኙዋክም ደገኛም ስላለን ይህ ነገር ለእኛ ተራ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። ቁጥሩን ስናሳንስ የምናሳንሰው አጠገባችን ተቀምጦ ቡና የሚጠጣውን ሰው ሐዘን ነው።

ቀኑንም ማየት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2016 ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ ታጣቂዎች ጋምቤላ ውስጥ አደጋ ሲያደርሱ፣ በመጀመሪያ የተነገረው 140 ሰው ሞተ የሚል ነበር። በቀናት ውስጥ 208 ደረሰ፤ የተወሰዱ ሕፃናትም 108 ተባሉ። የመጀመሪያው ጋዜጣ ዋሽቶ አይደለም፤ የጻፈው የዕለቱን ነው። የመጀመሪያውን ቅጂ ይዞ የኋለኛውን «ተጋነነ» የሚል ግን ይሳሳታል።

ጋዜጣ በፍርድ ቤትም ማስረጃ ሆኖ ያውቃል። በአሩሻ የተቋቋመው የሩዋንዳ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 የ«ካንጉራ» ጋዜጣ ባለቤት በሆነው በሐሰን ንጌዜ ላይ ሲፈርድ የራሱን ጋዜጣ አቅርቦበታል። ጋዜጣው ግን ስለ ቱትሲዎች የጻፈው እውነት ለመሆኑ ማስረጃ አልሆነም፤ ማስረጃ የሆነው ሰውየው ጥላቻን ለመዝራቱ ነው። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ለፍርዱ መሠረት የሚሆኑት በ1994 የወጡት እትሞች ብቻ ናቸው አለ። ዳኞች እንኳ እንዲህ በጥንቃቄ ከመረጡ እኛ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባን ነበር?

ባለሱቆች የዱቤ ደብተር እንይዛለን። ደንበኛው «አልወሰድኩም» ቢል ባለሱቁ የጻፈው ብቻውን አይበቃም፤ ደንበኛው የያዘውም ይታያል፤ ሲወስድ ያየ ሰውም ይጠየቃል። ደብተሩ ግን ዋጋ ቢስ ነው ተብሎ አይጣልም። ጋዜጣም እንደዚሁ ነው። የአንድ ወገን መዝገብ ነው፤ ከሌላው ጋር ሲተያይ ይጠቅማል። አባቶቻችንስ «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ብለው የለ?

ስለዚህ አሳባችን ይህ ነው። ማኅበራችን አንድ ፋይል ይክፈት። የምናስቀምጠው ቅጂ የጋዜጣው ስም፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ባለቤቱም መንግሥት ይሁን የግል ይጻፍበት። የሌላው ወገን ጽሑፍም አጠገቡ ይቀመጥ። ከሁሉም በፊት በዓይናቸው ያዩ ወገኖቻችን ሳያልፉ የሚሉት ይጻፍ፤ እነርሱን ነገ አናገኛቸውም። በዚህች ከተማ ለሚያድጉት ልጆቻችን ቂም ሳይሆን የተጣራ ታሪክ እንድናወርሳቸው አምላክ ይርዳን።