ሮኬት አምጥቀው የውኃ ሂሳብ መክፈል ያቃታቸው

በወጣቶች ኅብረት ኮሚቴ ውስጥ ያገለገለ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ሠላሳ ሰው እጁን አውጥቶ ያጸደቀው ዕቅድ ቅዳሜ ጠዋት በሦስት ሰው ትከሻ ላይ ይወድቃል። መዋጮው በመጀመሪያው ወር ይሞላል፣ በሦስተኛው ይጎድላል፣ በስድስተኛው ደግሞ ገንዘብ ያዧ ሰው መጠየቅ ታፍራለች። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ልጅ ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል፤ መዝገቡም የት እንደ ገባ ሳይታወቅ ይቀራል። ማንም ክፉ ሳያስብ ሥራው ይቆማል።

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ እንዲህ ዓይነት አንድ ማኅበር ነው። አባላቱን ያሰባሰባቸው ደመወዝ አልነበረም፤ የጋራ ፍቅር ነበር። ፍቅራቸው ደግሞ ሮኬት ነው። በትርፍ ጊዜያቸው ሠርተው፣ ከኪሳቸው አዋጥተው፣ አንድ ቀን ሰውን ወደ ጠፈር ለመላክ ተነሡ። የደረሱበትንም፣ የጠፉበትንም መንገድ ብናውቀው ይጠቅመናል።

ፍርድ ቤቱ የማያውቀው ቃል

ነገሩ የሚጀምረው በአንድ መጽሐፍ ነው። ሄርማን ኦበርት የተባለው የትራንሲልቫኒያ ተወላጅ ስለ ሮኬት የጻፈው የዶክትሬት ጽሑፍ ተቀባይነት ስላጣ፣ በ1923 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በመጽሐፍ መልክ አሳተመው። ሮኬት በፈሳሽ ነዳጅ ከምድር ስበት ማምለጥ እንደሚችል በስሌት ያሳየውን ይህን መጽሐፍ ብዙ የጀርመን ወጣቶች ተሻሙበት።

ጁላይ 5 ቀን 1927 በብሬስላው ከተማ፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ቭሮትስዋፍ በምትባለው፣ ጥቂት ሰዎች በአንድ ምግብ ቤት ተሰብስበው “የጠፈር ጉዞ ማኅበር”ን መሠረቱ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ዮሐንስ ቪንክለር ነበር። ማኅበሩን ለማስመዝገብ ሲሄዱ ፍርድ ቤቱ “የጠፈር ጉዞ” የሚለው ቃል በጀርመንኛ የለም ብሎ አስቸገራቸው፤ የቃሉን ፍቺ በደንባቸው ላይ ጨምረው ተመዘገቡ። ቪንክለር “ሮኬቱ” የተባለ መጽሔት ማዘጋጀት ጀመረ። በአንድ ዓመት ውስጥ የአባላቱ ቁጥር ወደ 500 ደረሰ፤ በ1929 ከ800 አለፈ።

ቁጥሩ ግን አያሳስታችሁ። አብዛኞቹ በየአገሩ ተበታትነው መዋጮ የሚልኩና መጽሔቱን የሚያነቡ ነበሩ። ብረት የሚቆርጡት፣ ነዳጅ የሚቀዱት፣ ደብዳቤ የሚጽፉት እፍኝ የማይሞሉ ሰዎች ናቸው። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” እንላለን፤ እዚያ የሆነው የተገላቢጦሽ ነው፤ የስምንት መቶ ሰው ሎሚ በአሥር ሰው ጀርባ ላይ ተጫነ።

የፊልሙ ገንዘብ

የመጀመሪያው ትልቅ ገንዘብ የመጣው ከሲኒማ ነው። ፍሪትዝ ላንግ ስለ ጨረቃ ጉዞ ፊልም ሲሠራ፣ በምረቃው ዕለት እውነተኛ ሮኬት እንዲመጥቅለት ፈለገና ኦበርትን ቀጠረው። ኦበርት የስሌት ሰው እንጂ የወርክሾፕ ሰው አልነበረም፤ የተሰጠው ጊዜም ወራት ብቻ ነው። በሙከራ ላይ በደረሰ ፍንዳታ ተጎዳ። ፊልሙ ኦክቶበር 15 ቀን 1929 ሲመረቅ ሮኬቱ አልነበረም። ኦበርት ወደ አገሩ ተመለሰ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ማኅበሩ የኅትመት ወጪውን መሸፈን ስላልቻለ “ሮኬቱ” መጽሔት ተዘጋ።

ይህን ኪሳራ ቀላል አድርገን አንየው። በየአገሩ የተበተኑትን አባላት አንድ ያደረጋቸው ያ መጽሔት ነበር፤ እሱ ሲቀር መዋጮ የሚልኩበትም ምክንያት ቀነሰ። ቀጥሎም ሜይ 17 ቀን 1930 ከማኅበሩ ታዋቂ ሰዎች አንዱ የነበረው ማክስ ቫሊየር በርሊን ውስጥ ሞተር ሲሞክር ፈንድቶበት ሞተ።

በዓመት አሥር ማርክ

ሥራውን ከሞት ያስነሡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪ የነበረው ሩዶልፍ ኔበልና ወጣቱ መሐንዲስ ክላውስ ሪደል። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1930 በበርሊን ራይኒከንዶርፍ ሰፈር የተተወ የጥይት ማከማቻ ግቢ ከከተማው አስተዳደር በዓመት 10 ማርክ ተከራዩ። በሩ ላይ “የሮኬት ማረፊያ በርሊን” የሚል ጽሑፍ ሰቀሉና አልጋቸውን ይዘው ገቡ።

ዘመኑ የሥራ አጥነት ዘመን ነበር። ኔበል ሥራ ያጡ በያጆችን፣ ቆርቆሮ ሠሪዎችንና ኤሌክትሪክ ሠራተኞችን በግቢው አሰፈረ፤ እነሱ በነጻ ያድራሉ፣ በምትኩ ይሠራሉ። ከፋብሪካዎች አሉሚኒየምና መሣሪያ ይለምናል፤ የተረፈውን ለሌላ ዕቃ ወይም ለባለሙያ ጉልበት ይለውጣል። ሮኬት ሲመጥቅ ለማየት የሚመጣ ሰው መግቢያ ይከፍላል። እንዲህ ተቦጫጭቆ የተገኘ ገንዘብ ደግሞ በቀላሉ ይተን ነበር፤ ቃል በቃል ይተን ነበር። ሮኬቱ የሚነደው በቤንዚንና በፈሳሽ ኦክስጅን ነው። ፈሳሽ ኦክስጅን ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ነገር ስለሆነ፣ ገዝተው ካመጡት በኋላ አንድ ቧንቧ ቢያንጠባጥብ ወይም አንድ ሰው ቢያረፍድ፣ ሲጠብቁ ሲጠብቁ የገዙት ነገር አየር ሆኖ ይሄዳል።

የመጀመሪያው ትንሽ ሮኬታቸው “ሚራክ” ይባላል። ሞተሩ እንዲቀዘቅዝ ብለው በኦክስጅኑ ጋን ውስጥ አስቀመጡት፤ ጋኑ ግን ሞቆ ግፊቱ በረታና ፈነዳ። ሁለተኛውም ፈነዳ። ከዚያ ሞተሩን ከጋኑ አወጡትና ዙሪያውን በውኃ ከበቡት። በ1931 ሜይ ወር “ሪፐልሰር” ብለው የሰየሙት አዲሱ ሮኬት ተነሣ። መጀመሪያ 18 ሜትር፣ ከአራት ቀን በኋላ 60 ሜትር፣ ከወራት በኋላ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወጣ፤ በጃንጥላም ወደ መሬት ተመለሰ። አንዱ ጃንጥላው ተበጥሶበት ከመንገዱ ማዶ ባለው የፖሊስ ግቢ ጣሪያ ላይ ወድቆ እሳት አስነሣ። ፖሊስም ማምጠቁን ከለከለ፤ ብዙ ከተለመነ በኋላ በገደብ ፈቀደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የሚፈነዳው ጋን መፍትሔ አግኝቷል። ጥፋቱ በግልጽ የሚታይ ስለነበር ፍርስራሹን ለቅመው፣ ምክንያቱን መርምረው አስተካከሉት። ያልተስተካከለው ሌላው ነገር ነው፤ ማን ምን ያህል እንደ ተቀበለ፣ በማኅበሩ ስም ማን እንደሚዋዋል፣ ለማን ሂሳብ እንደሚቀርብ። ይህ ጥፋት ሲፈነዳ ድምፅ አይሰማም።

ችግሩ የጀርመኖቹ ብቻ አልነበረም። በእንግሊዝ አገር በ1933 የተመሠረተው ተመሳሳይ ማኅበር በ1875 የወጣ የፈንጂ ሕግ ስለከለከለው ሮኬት ሳያመጥቅ በወረቀት ሥራ ተወስኖ ቀረ። በሞስኮ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ሰርጌይ ኮሮሊዮቭ የሚገኝበት “ጊርድ” የተባለ ቡድን ይሠራ ነበር። አባላቱ የስማቸውን ፊደላት “በነጻ የሚሠሩ መሐንዲሶች ቡድን” እያሉ በመተርጎም ይቀልዱ ነበር። ኦገስት 17 ቀን 1933 ሮኬታቸው 400 ሜትር ያህል ወጣ። ኮሮሊዮቭ ከአምስት ዓመት በኋላ በስታሊን ዘመን ታስሮ ወደ ኮሊማ ተላከ።

እንግዶቹ

ወደ በርሊን እንመለስ። በ1932 የጀርመን ጦር መኮንኖች ግቢውን ይጎበኙ ጀመር። ጀርመን በተሸነፈችበት ጦርነት ማግስት በተፈረመው ውል ከባድ መድፍ እንዳይኖራት ተገድባ ነበር፤ ስለ ሮኬት ግን ውሉ ያለው ነገር የለም። ጦሩ በኩመርስዶርፍ የተኩስ ሜዳ አንድ ሮኬት አምጥቀው እንዲያሳዩት ጠየቃቸው፤ ከተሳካ ከ1,300 ማርክ ጥቂት የሚበልጥ ገንዘብ ሊከፍል ነው። ሮኬቱ ጥቂት እንደ ወጣ ወደ ጎን ታጥፎ ተከሰከሰ። ገንዘቡም አልተከፈለም።

መኮንኖቹ ግን በሮኬቱ ምክንያት አልተመለሱም። ለቡድኑ ያቀረቡት ሐሳብ ይህ ነበር፤ ሥራው በጦሩ አጥር ውስጥ፣ በምስጢር ይሁን። ኔበል አልተቀበለም። ሐሳቡን የተቀበለው በ18 ዓመቱ ገደማ ወደ ማኅበሩ የመጣው ተማሪ ቬርነር ፎን ብራውን ነው። በ1932 መጨረሻ፣ በ20 ዓመቱ፣ የጦሩ ተቀጣሪ ሆነ። ልብ በሉ፤ ሂትለር ገና ሥልጣን አልያዘም። ያስገደደው አልነበረም። የደከመው ልመናው ነበር፤ በዚያ በኩል ደግሞ በጀት አለ፣ ወርክሾፕ አለ፣ የማያልቅ ኦክስጅን አለ።

ይህን ልጅ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ለሁለት ዓመት ብረት ለምናችሁ፣ ያገኛችሁት ሁሉ አየር ሆኖ ሲሄድ አይታችሁ ቢሆን፣ አንድ ሰው መጥቶ “የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ እሰጣለሁ” ቢላችሁ፣ “ለምን ፈለግኸው?” ብላችሁ ትጠይቁ ነበር? ከደከመ ሰው አፍ ይህ ጥያቄ በቀላሉ አይወጣም።

የቧንቧው ሂሳብ

የቀሩት ደግሞ እርስ በርስ ተጣሉ። ኔበል ለማግደቡርግ ከተማ ሰው የሚያሳፍር ሮኬት እንደሚሠራ ቃል ገባና ከከተማው ገንዘብ ተቀበለ። በጁን 1933 የሞከሩት ሮኬት ከመወንጨፊያው ወጥቶ በአግድም ተምዘገዘገና ወደቀ። የማኅበሩ ሊቀ መንበርና ምክትሉ ቪሊ ለይ ኔበልን በገንዘቡ አያያዝና በተጋነነ ተስፋው ከሰሱት። ኔበል ያለ እሱ ልመና አንድም ሮኬት ባልመጠቀ ነበር ብሎ ያምናል፤ ይህም እውነት ነው። እነ ለይ ማኅበር የአንድ ሰው ንብረት አይደለም ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። ሁለቱን እውነት የሚዳኝ መዝገብ ግን አልነበረም። ማኅበሩ በ1933 እና በ1934 መካከል ባለው ክረምት ፈረሰ።

የግቢው መጨረሻ ደግሞ ያስቃል፣ ያሳዝናልም። በዓመት 10 ማርክ የተከራዩት ግቢ ባዶ ቤቶቹ ውስጥ የሚያንጠባጥቡ ቧንቧዎች ነበሩት። የማንም ሥራ ስላልነበረ ማንም አልዘጋቸውም። ለዓመታት የፈሰሰው ውኃ ሂሳብ ከከተማው ሲመጣ ሊከፍሉት የማይችሉት ሆነ። ግቢውን በ1934 ለቀቁ።

በእርግጥ ሂሳባቸው የጠራ ቢሆን ኖሮ እንኳ የሂትለር መንግሥት ዝም ብሎ አይተዋቸውም ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ስለ ሮኬት በአደባባይ መጻፍ ተከለከለ። ነገር ግን አንድ ሆነው ቢቆሙ ኖሮ ማን ወዴት እንደሚሄድ በአንድነት ይመክሩ ነበር። ሲበተኑ እያንዳንዱ ብቻውን ወሰነ። ለይ በ1935 አገሩን ጥሎ ወጣና በአሜሪካ ስለ ጠፈር ሲጽፍ ኖረ። ሪደል ፎን ብራውንን ተከትሎ ወደ ጦሩ ገባ።

ኦክቶበር 3 ቀን 1942 የፎን ብራውን ቡድን የሠራው ትልቁ ሮኬት ጠፈር ጫፍ ደረሰ። የልጅነት ሕልማቸው ነበር። በሴፕቴምበር 1944 ግን ያው ሮኬት “ቪ-ሁለት” ተብሎ በለንደን ቤቶች ላይ ወረደ። የሚሠራበት ከመሬት በታች ያለ ፋብሪካ ነው፤ ሠራተኞቹም የሚተልባው ዶራ ማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ናቸው። በዚያ ካምፕና በቅርንጫፎቹ ወደ 20,000 የሚሆኑ ሰዎች ሞተዋል። ፎን ብራውን ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ ሰውን ጨረቃ ላይ ያደረሰውን ሮኬት ሠርቷል፤ ያም እነዚያን ሙታን ከታሪኩ አያወጣቸውም።

ለእኛ ለወጣቶች

የእናንተ ኅብረት ሮኬት አይሠራ ይሆናል። የመዘምራን ቡድን፣ የቤተ መጻሕፍት ኮሚቴ፣ የአረጋውያን ጉብኝት፣ ይህች የምታነብቡአት መጽሔት ራሷ በዚያው ነዳጅ ነው የምትነዳው። ስለዚህ ከራይኒከንዶርፍ ግቢ ሦስት ነገር ይዘን እንሂድ። ሎሚውን እንካፈል፤ ሁልጊዜ የሚመጡት ሦስቱ ልጆች እስኪደክሙ አንጠብቅ። መዝገቡ ክፍት ይሁን፤ የምንተማመነውም ሳንጣላ በፊት ይጻፍ። ሦስተኛው ከባዱ ነው፤ ገንዘብ ይዞ የሚመጣውን ሰው ምን እንደሚፈልግ የምንጠይቀው ገና ጉልበት ሳለን ይሁን።

በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አጀንዳው ሲያልቅ፣ “ሌላ ጉዳይ ያለው?” ተብሎ ሲጠየቅ፣ እጃችሁን አውጡና እንዲህ በሉ፦ “የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ የሚዘጋው ማነው?”