ሎሚ ጨምሪበት

ባለቤቴ ከሽታ ጋር ከተጣላች ሰባት ዓመት ሆኗታል። ሽቶ ያርከፈከፈ እንግዳ ቤታችን ከገባ ጉሮሮዋ ይከረከራል፤ አዲስ ቀለም የተቀባ ቢሮ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ከተቀመጠች ራስ ምታቱ ሁለት ቀን አይለቃትም፤ በረኪና የሸተታት ዕለትማ ደረቷ እስከ ማታ ሲያፏጭ ይሰማኛል። ዘመድ አዝማድ የየራሱን ስም አውጥቶላታል። ደጉ «አለርጂክ ነው» ይላል፤ ክፉው «ሞልቃቃ»። አንድ ሐኪም መርምሮ መርምሮ ምንም ሲያጣ «ትንሽ ጭንቀት ይኖርብሽ ይሆን?» ብሏት ነበር። ጭንቀት እንኳ አልነበረባትም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው የጀመራት።

እናላችሁ፣ ቤታችን በረኪና እንዳይገባ ታወጀ። አዋጁ እንደ ብዙ አዋጆች ወጣ እንጂ አልተፈጸመም። መጸዳጃ ቤቱ በምን ይታጠብ? ባለቤቴ ሥራ ስትሄድ ቤታችን የምታግዘን ልጅ ጠርሙሱን ከደበቀችበት ታወጣለች፤ እኔም አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ለቅሶ ልትደርስ ወጥታለች፤ ቶሎ እንደምትመለስ አውቃለሁ፤ የበረኪናው ሽታ ደግሞ ቤቱን ሞልቶታል። ያን ጊዜ እንደ ተማረ ሰው አንድ ምክር ለገስኩ። «ሽታውን እንዲያጠፋው ሎሚ ጨምሪበት» አልኳት። ሎሚ ተፈጥሯዊ ነዋ! ሎሚ ማንን ይጎዳል?

አምስት ደቂቃ አልሞላም። ልጅቱ በሩን በርግዳ ወጣች። ዓይኗ ደም መስሏል፤ አፏን በሻርፗ አፍና እየሳለች ግቢው ውስጥ ዘጭ አለች። ውሃ ሰጠኋት፣ በሩንና መስኮቱን ከፈትኩ፣ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ክፉውን አሳለፈልን። የመረመራት ልጅ እግር ሐኪም ታሪኩን ሲሰማ ቀና ብሎ አየኝና «ሎሚው የማን ሐሳብ ነው?» አለ። የእኔ መሆኑን ለመናገር ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ።

ነገሩ የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ ነው። በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት አሲድ ሲነካው ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። ሎሚ አሲድ ነው፤ አቼቶም እንዲሁ፤ ለመጸዳጃ ቤት ተብለው የሚሸጡ ብዙ ማስለቀቂያዎችም አሲድ ናቸው። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ሲደባለቅ ደግሞ ክሎራሚን የሚባል ሌላ የሚያንቅ ጋዝ ይወጣል። ክሎሪን የጀርመን ጦር እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1915 ቤልጅግ ውስጥ ኢፐር አጠገብ በፈረንሳይ ምሽጎች ላይ የለቀቀው ጋዝ ነው። እኔ እዚህ ሁለት ሜትር በማትሞላ መስኮቷ የተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ በሎሚ ለቀቅሁት።

በረኪናን ብቻ ለመወንጀል ግን አይመችም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ቤርቶሌ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ክሎሪን ጨርቅ እንደሚያነጣ ሲያሳይ፣ ሸማ በፀሐይ ለወራት አስጥቶ ማንጣት ቀረ። ፈሳሹ መጀመሪያ የተመረተው ፓሪስ አጠገብ ዣቬል በምትባል መንደር ስለነበር ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ የዣቬል ውሃ ይሉታል። ጣልያኖቹ «ቫሬኪና» አሉት፤ የእኛ «በረኪና» የመጣው ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ደግሞ ዜሜልቫይስ የተባለው ሐኪም ቪየና ውስጥ የሥራ ባልደረቦቹ ወላድ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በጥቂት ወራት ውስጥ የአራሶች ሞት እጅግ ቀነሰ። ኮሌራ በገባ ቁጥር ውሃችን ውስጥ የሚጨመረውም የዚሁ ዘመድ ነው። ሕይወት ያዳነ ነገር ነው እንግዲህ፤ ጥያቄው መስኮቱ ተዘግቶ ማን ይተነፍሰዋል የሚለው ነው።

ያን ዕለት ማታ ልጅቱ ሻይ ይዛ ስትመጣ ጠየቅኋት።

«ከዚህ በፊትም ያስልሽ ነበር?»

«አዎ ጋሼ። ባጠብኩ ቁጥር ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጣሁ ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«ብርድ ነው ብዬ ነዋ። እትዬም ታመዋል፤ ምን ብዬ ነው እኔ ደግሞ የምታመመው?»

ከመጣች ሦስት ዓመቷ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ የባለቤቴን ጉሮሮ እንደ ሕፃን ስንጠብቅ፣ ጠርሙሱን የያዘችውን ልጅ አንድ ቀን አልጠየቅናትም። ሳሏን ሰምቼ «ልብስ ደርቢ እንጂ» ማለቴ ትዝ ይለኛል።

ጣልያናዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ ከእኔ የተሻለ ሰው ነበር። ሞዴና ከተማ ውስጥ በገዛ ቤቱ የሽንት ቤት ጉድጓድ የሚጠርግ ሠራተኛ ሲጣደፍ ያይና ቀስ ብለህ ለምን አትሠራም ይለዋል። ሠራተኛው ቀና ብሎ፣ እዚህ ውስጥ ከአራት ሰዓት በላይ የቆየ ዓይኑን እንደሚያጣ ይነግረዋል። ራማዚኒ ዝም ብሎ አላለፈም። የሰውየውን ዓይን መረመረ፤ ሌሎቹንም ጠራጊዎች እየፈለገ አየ። ከዚያ በየአውደ ጥናቱ፣ በየወፍጮ ቤቱ፣ በየማጠቢያው እየዞረ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች ሕመም ከ40 በላይ ሙያዎችን የዳሰሰ መጽሐፍ አሳተመ። ልብስ አጣቢ ሴቶችም የራሳቸው ምዕራፍ ደርሷቸዋል፤ እርጥበቱና እጅ የሚሰነጣጥቀው የአመድ ውሃ ተጽፎላቸዋል። ሐኪሞች በሽተኛን ሲጠይቁ ከቀድሞዎቹ ጥያቄዎች ላይ አንድ እንዲጨምሩም መከረ፦ ሥራህ ምንድን ነው?

ከዚያ ወዲህ ሦስት መቶ ዓመት አልፏል። የኖርዌይ በርገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት ከ6 ሺህ በላይ ሰዎችን ለ20 ዓመት ያህል ተከታትለው፣ በሙያም ሆነ በቤታቸው የሚያጸዱ ሴቶች የሳንባ አቅም ከማያጸዱት ይልቅ ቶሎ እንደሚቀንስ አገኙ። በወንዶቹ ላይ ይህ አልታየም። ያም ሆነ ይህ፣ ጥናቱን ሳነብ ያሰብኩት ኖርዌይን አልነበረም፤ የእኛን ልጅ ነው። ቤሩት ያለችውን ታላቅ እህቷንም አሰብኩ። እሷ ደግሞ አንድ ሙሉ ፎቅ ነው የምታጥበው።

የባለቤቴ ሕመም ታሪክ ከዚህ ይለያል፤ የበለጠም ያከራክራል። ቺካጎ ውስጥ ቴሮን ራንዶልፍ የሚባል የአለርጂ ሐኪም በ1950ዎቹ፣ አንዳንድ ሰዎች ሌላው በማይሰማው ጥቂት ኬሚካል እንደሚታመሙ መናገር ጀመረ፤ በ1962ም መጽሐፍ ጻፈበት። የሙያ አጋሮቹ አልተቀበሉትም። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። በሽተኞች ሽታው ተሸፍኖ ሲፈተኑ ብዙዎቹ ኬሚካሉን ከንጹሕ አየር መለየት እንዳልቻሉ የሚያሳዩ ሙከራዎች አሉ። ይህን ለባለቤቴ ነገርኳት። «ደረቴ ሲያፏጭ ታዲያ ማን ነው የሚያፏጨው?» አለችኝ። መልስ የለኝም። የሕመሙ መንስኤ አከራከረ ማለት ሕመሙ የለም ማለት እንዳልሆነ ግን በየሌሊቱ እሰማለሁ።

እናም ፍለጋ ጀመርን። የመጀመሪያው ግኝታችን ሽታ የሌለው ነገር እንደማይሸጥ ነው። ባለሱቁ ዱቄት ሳሙናውን፣ የዕቃ ማጠቢያውን፣ የወለሉን ደረደረልኝ፦ የሎሚ ሽታ፣ የጽጌረዳ ሽታ፣ የ«ተራራ አየር» ሽታ። «ምንም የማይሸተውስ?» ብዬ ብጠይቀው «ጋሼ፣ ካልሸተተ መጽዳቱን በምን ያውቃሉ?» አለኝ። ይህ ጥያቄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ንጽሕናን በሽታ መለካት የተማርነው ከማስታወቂያ ነው፤ እናቶቻችን የጠላ ጋኑን በግራዋ አሽተው፣ ዕቃውን በአመድ ፈትገው፣ ሲጨርሱ የሚቀረው የዕቃው የራሱ ጠረን ነበር። (የወይራውን ጭስ አልረሳሁም። ባለቤቴ እሱንም አትችለውም፤ ዕጣን ከተጫሰም ቡናውን በረንዳ ላይ ነው የምትጠጣው።)

አማቴ ይህን ሲሰሙ ከጎጃም አንድ ከረጢት እንዶድ ላኩልን። እዚህ ላይ ልቤ ሞላ። እንዶድን የማያውቅ አበሻ የለም፤ ሸማችንን ስንት ዘመን ያነጣ ፍሬ ነው። ወጣቱ ተመራማሪ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ አድዋ ላይ አንድ ነገር ያያሉ፦ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተዋል። ከአጣቢዎቹ አንዷን ጠይቀው፣ ሕያው ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ ከአረፋው እንድትጨምርላቸው አደረጉ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ከዚያ የብዙ ዓመት ምርምር፣ ከውጭ ተቋማት ጋር የብዙ ዓመት ሙግት ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ከእንዶድ የተገኘው ንጥረ ነገርም በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ።

ቶክሲን መርዝ ነው። ቃሉን ያነበብኩት ልቤ ከሞላ በኋላ ነው። ቀንድ አውጣ የሚገድለው ያ አረፋ ዓሣም ይገድላል፤ ፍሬው ቢዋጥ ሰውን ይጎዳል። ለልብስ ደግ ነው፤ ግን «ተፈጥሯዊ» ነውና ምንም አያደርግም ያልኩት ልክ እንደ ሎሚው ነበር። አማቴ የላኩትን እንዶድ ስንወቅጥ ብናኙ ባለቤቴን አስነጥሷት አስነጥሷት በመጨረሻ ጎረቤት ወሰደው።

አሁን ቤታችን ያለው ነገር የሚያኮራ አይደለም። ሽታ የሌለው ደረቅ ሳሙና በሙቅ ውሃ፣ ለገንዳው ቤኪንግ ሶዳ፣ ለኖራው ዝቃጭ አቼቶ። ሁለቱን አንድ ላይ ደባልቆ አረፋውን ማየት ደስ ይላል፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን ስለሚያጠፋው የሚቀረው ውሃና ጨው መሳይ ነገር ነው፤ ለየብቻ ነው የሚሠሩት። ቤት ውስጥ ተቅማጥ የገባ ዕለት በረኪና ይወጣል፤ ያን ቀን ባለቤቴ እህቷ ጋ ትሄዳለች፤ በረኪናው በውሃ ይቀጥናል፤ መስኮቱ ይከፈታል፤ ጠርሙሱን የምይዘው እኔ ነኝ። ጎረቤቶች አይተው ሳቁብኝ፤ ይሳቁ።

የልጅቱ ሳል ሙሉ በሙሉ አልተዋትም፤ ሐኪሙ አስም ነው ብሎ የሚሳብ መድኃኒት ሰጥቷታል። ከሱቅ የሚገዛውን ሳሙና የምትመርጠው አሁን እሷ ናት። ባለፈው ሳምንት እኔ ገዝቼ የመጣሁትን፣ «ሽታ አልባ» የሚል የተጻፈበትን፣ ከፍታ አሸተተችና ወደ እኔ መለሰችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ይሸታል።»

እኔ አልሸተተኝም። ይዤው ወደ ሱቅ ተመለስኩ።