የሹፌር ቅሬታ የሠራት መኪና

ዛሬ ስለ መኪና ነው የምጽፈው። «የታሪክ መምህር ደግሞ ከመኪና ጋር ምን አገናኘው?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ታሪክ ስናስተምር ንጉሥ፣ ጦርነት፣ ውል እያልን ነው የኖርነው። ግን የዕቃም ታሪክ አለ። ዕቃ ዝም ብሎ አይለወጥም። አንድ ሰው ተበሳጭቶበት፣ ተመኝቶለት፣ ጠይቆበት ነው የሚለወጠው። ለዚህ ከሃይብሪድ መኪና የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሹፌሮች «የሚቀጥለው ሞዴል ምነው እንዲህ በሆነ» ያሉት እንዴት እንደተሰማ፣ አንዳንዱ ደግሞ እንዴት ሳይሰማ እንደቀረ አብረን እንይ። (ዓመቶቹ የኛ ናቸው ካላልኩ በስተቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሃይብሪድ ማለት በአንድ ኮፈን ሥር የቤንዚን ሞተርም የኤሌክትሪክ ሞተርም ያላት መኪና ናት። ፍሬን ስትይዙ በተራ መኪና ላይ ሙቀት ሆኖ በከንቱ የሚቀረውን ጉልበት የኤሌክትሪክ ሞተሩ ወደ መብራት ቀይሮ ባትሪ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስትነሱ ያንኑ መልሶ ይሰጣችኋል። ስለዚህ ቆም ሄድ በሚበዛበት ከተማ ነው ጥቅሟ ጎልቶ የሚታየው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ1900 ገና ወጣት የነበረው ፈርዲናንድ ፖርሽ፣ ሎነር ለሚባለው የቪየና ሠረገላ ሠሪ ድርጅት ሲሠራ፣ ቤንዚን ሞተሮች መብራት እያመነጩ ጎማ ውስጥ የተገጠሙ የኤሌክትሪክ ሞተሮችን የሚያሽከረክሩባት መኪና ሠርቷል። ግን ከባድ ናት፣ ውድም ናት። ያኔ ቤንዚን መኪናን ብዙ ሰው የሚፈራው በእጅ እየተዘወረ ስለሚነሳ ነበር፤ መዘውሩ ወደ ኋላ ከመለሰ እጅ ይሰብራል። በ1912 ካዲላክ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተሪኖ ይዞ ሲመጣ ያ ፍርሃት ጠፋ። ቤንዚንም ርካሽ ነበር። በቃ፣ ሃይብሪድ ለስድሳ ዓመት ያህል ተረሳ።

ያስታወሰው የ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ ነው። የአረብ አገሮች ነዳጅ ሲከለክሉ ዋጋው በመላው ዓለም ተሰቀለ። ይህ ለኛ የሩቅ ወሬ አልነበረም። በየካቲት 1966 (ይሄ የኛ ነው) የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ጭማሪ ምክንያት ሥራ አቆሙ። እኛ መምህራንም በዚያው ሰሞን በትምህርት ዘርፍ ጥናቱና በደመወዝ ጥያቄ አድማ ላይ ነበርን («ነበርን» ስል ሙያውን ነው፣ እኔማ ገና አልተወለድኩም)። መንግሥት የነዳጁን ዋጋ ቀነስ ቢያደርግም ነገሩ አልበረደም። የቀረውን ታሪክ ክፍል ውስጥ ተምራችሁታል። እኔ ዛሬ ላሳያችሁ የፈለግኩት አንዲት ነገር ናት፦ ሹፌር ስለ ነዳጅ ሲናገር ስለ ኪሱ ብቻ እየተናገረ አይደለም።

በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ ቪክቶር ዎክ የሚባሉ መሐንዲስ አንዲት ቢዊክ ስካይላርክ መኪናን ወደ ሃይብሪድ ቀይረው በ1974 ለመንግሥት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፍተሻ አቀረቡ። መሥሪያ ቤቱ ፕሮግራሙን ሳይገፋበት ቀረ። ዕድሉ ወደ ጃፓን ተሻገረ።

ቶዮታ በ1993 «የሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን መኪና ምን ትምሰል?» ብሎ ጂ21 የሚባል ፕሮጀክት ጀመረ። ኃላፊው ታኬሺ ኡቺያማዳ ነበሩ። መጀመሪያ ያሰቡት የነዳጅ ቁጠባውን በግማሽ ለማሻሻል ነበር። የበላይ አለቆቻቸው ግን «እጥፍ ካልሆነ አንቀበልም» አሉ። እጥፍ ደግሞ በቤንዚን ሞተር ብቻ አይሞከርም፤ ሃይብሪድ የግድ ሆነ። በ1995 መጨረሻ የተሠራችው የመጀመሪያዋ ናሙና 49 ቀን ሙሉ ንቅንቅ አላለችም። 49 ቀን! አርባ ዘጠነኛው ቀን ላይ «ይቅርብን» ቢሉ ኖሮ ዛሬ የምጽፈው አልነበረኝም። ፕሪየስ በታኅሣሥ 1997 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ወጣች፤ የኪዮቶ የአየር ንብረት ስምምነት በጸደቀበት በዚያው ወር ማለት ነው። በጃፓን መለኪያ በአንድ ሊትር 28 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ተባለ።

አሁን ወደ ሹፌሮቹ እንምጣ።

የመጀመሪያዋ ፕሪየስ ዳሽቦርድ ላይ አንዲት የኤሊ ምልክት ነበረች። ዳገት ላይ ባትሪው ሲደክም ኤሊዋ ትበራለች፤ መኪናዋም እንደ ስሟ ታዘግማለች። በዚያ ላይ ባትሪው ከኋላ ወንበር ጀርባ ቦታ ይዞ ዕቃ መጫኛውን አጥብቦታል። ስለዚህ የሹፌሩ ልመና ግልጽ ነበር፦ ጉልበት ጨምሩልን፣ ባትሪውን አሳንሱልን። በ2000 ወደ አሜሪካ ስትሻገር ሞተሩ በረታ፣ ባትሪውም አነሰ። በ2003 የመጣችው ሁለተኛዋ ትውልድ ደግሞ ሰፋ ብላ፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት ሆና መጣች። ብዙዎቻችሁ ፕሪየስ ሲባል በዓይናችሁ የሚመጣባችሁ ያ ቅርጽ ያኔ የተወለደ ነው።

«ባትሪው ቶሎ ይሞታል» የሚለውን ፍርሃት ያቀለለው ደግሞ ማስታወቂያ ሳይሆን ታክሲ ነጂ ነው። ካናዳ፣ ቫንኩቨር ውስጥ አንድ ታክሲ ነጂ ፕሪየሱን በሁለት ዓመት ገደማ ከ300 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነዳት። ቶዮታ መኪናዋን መልሶ ወስዶ ፈታትቶ አጠናት። ላብራቶሪ ውስጥ ስንት ዓመት የሚፈጀውን ፈተና አንድ ሹፌር እንጀራውን እየጋገረ ጨረሰው። ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የነዳችሁ ወገኖቻችን ይህ ታሪክ የናንተም ነው። ዘይቱን፣ ፍሬኑን፣ ባትሪውን ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ሁለተኛው ታሪክ ከሁሉ ይበልጥ ይገርመኛል። የጃፓንና የአውሮፓ ሁለተኛ ትውልድ ፕሪየስ በኤሌክትሪክ ብቻ ትንሽ መንገድ የምታስኬድ ቁልፍ ነበራት። የአሜሪካዋ ግን ይህ ቁልፍ ቀርቶባታል። አሜሪካውያን ሹፌሮች ምን አደረጉ? ሽቦውን ፈልገው ቁልፉን ራሳቸው ገጠሙት። ቶዮታ ያኔ «የኛ መኪና ሶኬት ላይ መሰካት አያስፈልጋትም» እያለ ነበር የሚያስተዋውቀው። ሹፌሮቹ ግን መሰካት ፈለጉ። በ2004 ካልካርስ የሚባል የካሊፎርኒያ በጎ ፈቃደኞች ቡድን ጋራዥ ውስጥ ተጨማሪ ባትሪ ጭኖ አንዲት ፕሪየስን ከቤት ሶኬት የምትሞላ አደረጋት። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ ቶዮታ ራሱ የምትሰካ ፕሪየስ ገበያ ላይ አወጣ። ደንበኛው በእጁ ሠርቶ ሲያሳየው ፋብሪካው ተከተለ ማለት ነው።

ሦስተኛው የሹፌር ጥያቄ እንኳ አልነበረም። ሃይብሪድ በባትሪ ስትሄድ ድምፅ የላትም። ለተሳፋሪ ደስ ይላል፤ መንገድ በጆሮው ለሚያቋርጥ ዓይነ ስውር ግን አደጋ ነው። የአሜሪካ ዓይነ ስውራን ማኅበር ጮኸ፣ ተከራከረ። በ2011 መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያሉ መኪኖች በዝግታ ሲሄዱ ድምፅ እንዲያሰሙ የሚያስገድድ ሕግ ተፈረመ። አውሮፓም ከሐምሌ 2019 ጀምሮ በአዳዲስ ሞዴሎች ላይ ግዴታ አደረገው። ዛሬ ሃይብሪድ ስታልፍ የምትሰሟት ያቺ «ዊይይ» የምትል ድምፅ የመሐንዲስ ጌጥ አይደለችም። መሪ ጨብጠው የማያውቁ ሰዎች ታግለው ያስገቧት ናት።

ሁሉም ጥያቄ ግን እንዲህ አላማረም። ኒው ዮርክ በ2007 ቢጫ ታክሲዎች በሙሉ በ2012 ሃይብሪድ ይሁኑ ብላ አወጀች። የታክሲ ባለንብረቶች ከሰሱ፤ በ2008 ፍርድ ቤት ዕቅዱን አገደው። ሐሳቡ መጥፎ ስለነበረ አይመስለኝም። ከላይ ወደ ታች የወረደ ትእዛዝና ከታች ወደ ላይ የወጣ ጥያቄ አንድ ስላልሆኑ ነው።

ወደ ቅርቡ እንምጣ። በኅዳር 2022 አምስተኛዋ ትውልድ ይፋ ሆነች። ሹፌሮች ለሃያ ዓመት «ቁጠባዋ ጥሩ ነው፣ ግን መልኳ አያምርም፣ ጉልበትም የላትም» ሲሉ ነበር። የአሜሪካዋ ሞዴል ከ121 ወደ 194 የፈረስ ጉልበት አደገች፤ መልኳም ተለወጠ። በምረቃው ላይ የተነገረ አንድ ነገር አለ፦ የኩባንያው አለቃ አኪዮ ቶዮዳ «ፕሪየስን ለምን የታክሲ መኪና ብቻ አናደርጋትም?» የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ዲዛይነሮቹ «ሰው በልቡ የሚወዳት መኪና እናድርጋት» ብለው ተከራከሩና አሸነፉ። እኔ ግን ይህን ሳነብ ታክሲ ነጂው ትዝ አለኝ። ለታክሲ መኪና ቆንጆነት ማን ከለከለው? ቀኑን ሙሉ እዚያ ውስጥ የሚውለው እሱ አይደል?

አሁን ጥያቄው እኛ ጋ ይመጣል። ከላይ የቆጠርኳቸው ጠያቂዎች ሁሉ አዲስ መኪና የሚገዙ ወይም ፍርድ ቤትና ምክር ቤት የሚደርስ ድምፅ ያላቸው ናቸው። ያገለገለ መኪና የሚገዛው አገርስ? ሞንጎሊያን እዩ። እንደኛ ወደብ የላትም። ዋና ከተማዋ ኡላንባታር ከጃፓን በመጡ አሮጌ ፕሪየሶች የተሞላች ናት። ምክንያቱ ነዳጅ ብቻ አይደለም፤ በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ ጠዋት ቶሎ ትነሳላቸዋለች። ፋብሪካው ለሞንጎሊያ ብሎ አልሠራትም፤ ሹፌሮቹ ራሳቸው ናቸው ያገኙላት ጥቅም። የደከመ ባትሪ ማደስንም ጋራዦቻቸው ተማሩት።

በኛ አገር በጥር 2016 (የኛ) ኤሌክትሪክ ካልሆነ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ተነገረ። ሌላው ዓለም በሃይብሪድ ድልድይ እየተሻገረ ያለውን ወንዝ እኛ በዝላይ ልንሻገር ነው። መዝለል ይቻላል፤ መብራቱ የራሳችን ነው፣ ቤንዚኑ ግን በዶላር ከጂቡቲ የሚመጣ ነው። ግን የምንዘለውን ድልድይ ታሪክ ማወቅ አለብን። የሃይብሪድ ሹፌሮች ያነሱት ጥያቄ ለኤሌክትሪክ መኪናም ያው ነውና።

የኛ ሹፌር ቢጠየቅ ምን ይላል? እኔ ሦስት ነገር አስባለሁ።

አንደኛ፣ አቧራ። በብዙ ፕሪየሶች የባትሪው ማቀዝቀዣ አየር የሚገባው ከኋላ ወንበር ጎን ባለች ትንሽ ቀዳዳ ነው። እሷ በአቧራ ከተደፈነች ባትሪው ይግላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ለቶኪዮ አስፋልት ይህ ትንሽ ነገር ነው። ለኛ ኮረኮንች ግን ዋናው ነገር ነው። ሃይብሪድ ያላችሁ፣ እባካችሁ ቀዳዳዋን አስጠርጉ።

ሁለተኛ፣ ዳገትና ቁልቁለት። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ስለሆነ ቤንዚን ሞተር አየር ያንሰዋል፣ ይደክማል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ከፍታ አይገደውም። ይሄ ለኛ ስጦታ ነው። በሌላ በኩል ግን ዓባይ በረሃን አስቡት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። የሁለተኛዋና የሦስተኛዋ ትውልድ ፕሪየስ ባትሪ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ታች ሳትደርሱ ገና ይሞላል። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ የሚሰጣችሁ ጉልበት በነፃ ይፈሳል። ተራራማ አገር ተለቅ ያለ ባትሪ ይፈልጋል።

ሦስተኛ፣ የሚጠገን ነገር። ባትሪው ሲታመም «ሙሉውን ቀይሩ» ከሚባል፣ የሞተችዋን ክፍል ብቻ ለይቶ የሚቀይር ባለሙያ። ይህን ፋብሪካው አይሰጠንም። የቴክኒክ ትምህርት ቤቶቻችንና ጋራዦቻችን ናቸው የሚሰጡን።

እነዚህን ሦስቱን የቶዮታም ሆነ የቻይና ፋብሪካ መሐንዲስ የኛን ሹፌር ያህል አያውቃቸውም። ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ የነገረው ስለሌለ ነው። ካሊፎርኒያዎቹ ሽቦ ይዘው ጋራዥ ገቡ፤ ዓይነ ስውራኑ ሕግ አውጪ ደጅ ቆሙ። እኛ ደግሞ ቢያንስ መጻፍና መመዝገብ እንችላለን። ባትሪው በስንት ኪሎ ሜትር ደከመ? በየትኛው መንገድ? ጥገናው ስንት አስወጣ? ይህ ሁሉ ዛሬ በየጋራዡ የሚወራ ወሬ ነው። ነገ ግን ከተጻፈ ታሪክ ይሆናል፣ ማስረጃም ይሆናል።

ተማሪዎቼ የነበራችሁና ዛሬ መሪ ወይም መፍቻ የጨበጣችሁ፣ በተለይ ለናንተ ነው የጻፍኩት። እስቲ ከታች ጻፉልኝ፦ የምትነዱት ወይም የምትጠግኑት ምንድነው? የሚቀጥለው ሞዴል ምን ቢኖረው ነው እናንተን የሚያሳርፋችሁ? ከፋብሪካ ጋ ባይደርስ እንኳ እኔ እሰበስበዋለሁ።

ሰላም ግቡ። ፍሬናችሁ ይያዝላችሁ።